ቴርሞሜትሩ ይቅደም፦ የሄርፒስ ቫይረስ ከፈረሶቻችሁ መካከል ሲገባ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጨረሻው ቀን

ባዝራዋ ተረጋግታ ድርቆሿን ታኝካለች። ከእግሯ ሥር ግን የጨነገፈችው ሽል ገና ከነእንግዴ ልጁ ጉዝጓዙ ላይ ተዘርሯል። ማታ ሳያት ምንም አልነበረባትም። አላላባትም፣ አልተንፈራገጠችም፣ ከአፍንጫዋም ንፍጥ አልወረደም። እኔም ያን ጠዋት ማድረግ የማይገባኝን ሁሉ አደረግሁ። ሽሉን በባዶ እጄ አንስቼ በእጅ ጋሪ ጫንኩት፤ ጋሪውን በሌሎቹ ባዝራዎች ፊት እየገፋሁ ወጣሁ፤ እጄን ሳልታጠብ ተመልሼ የጎረቤቷን ባልዲ ውሃ ሞላሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለ ባልዲዋም ጨነገፈች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታ የተማርኩት ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነገር ነው፦ ከንፍጡም፣ ከሳሉም፣ ከእግር መክዳቱም በፊት ትኩሳት ይመጣል። ትኩሳቱን ለክቶ የያዘ ሰው ቀናት ያተርፋል፤ በዓይን የሚጠብቅ ሰው ግን የሚያገኘው የተዛመተ በሽታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስለ ቫይረሱ ማወቅ ያለባችሁ

የፈረስ ሄርፒስ ሲባል አንድ ቫይረስ አይደለም። በሙያው አጠራር ኢኤችቪ እየተባሉ ቁጥር የተሰጣቸው ብዙ ናቸው። የፈረስ ባለቤት እንቅልፍ የሚያጣው በሁለቱ ነው፦ በኢኤችቪ-1 እና በኢኤችቪ-4። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እንደ አንድ ቫይረስ ይቆጠሩ ነበር። ኢኤችቪ-4 በአብዛኛው የሚያጠቃው ወጣት ፈረሶችን ሲሆን ትኩሳት፣ ንፍጥና ሳል አምጥቶ ያልፋል፤ ማስጨንገፉ አልፎ አልፎ ነው። ኢኤችቪ-1 ግን ከመተንፈሻ አካል አልፎ ወደ ደም ይገባል። ያኔ ነው ባዝራ የሚያስጨነግፈው፣ የተወለደ ውርንጭላ በጥቂት ቀናት የሚገድለው፣ ትልቁን ፈረስም ከወገቡ በታች የሚያሽመደምደው። ከባዝራ መጨንገፍ ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካዋ ኬንታኪ ነው።

ኢኤችቪ-3 በግንኙነት ይተላለፋል፤ በብልት አካባቢ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያወጣል። ድንጉላውንም ባዝራዋንም ከማጥቃት አሳርፉ፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል፤ አያስጨነግፍም። ኢኤችቪ-2 እና ኢኤችቪ-5 በጤነኛ ፈረስ ላይም ስለሚገኙ መገኘታቸው ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኢኤችቪ-5 ከአንድ ከባድ የሳንባ መጠጠር በሽታ ጋር ቢያያዝም እሱ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

የሄርፒስ ክፉ ጠባዩ መደበቁ ነው። አንዴ የገባበትን ፈረስ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ በነጭ የደም ሕዋሳትና በፊት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ያንቀላፋል። ረጅም ጉዞ፣ ጡት መጣል፣ ሌላ ሕመም ወይም እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ መድኃኒት ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሲነቃ ፈረሱ ራሱ ምንም ሳይታይበት በአፍንጫው ቫይረስ እየረጨ ጎረቤቱን ያሳምማል። አብዛኞቹ ፈረሶች ቫይረሱን የሚያገኙት በልጅነታቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእናታቸው። ስለዚህ «ማን አመጣብኝ?» እያሉ እንግዳውን ፈረስ መርገም ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም። እሳቱ ከዚያው ከቤት አመድ ውስጥ ተነስቶ ሊሆን ይችላል።

የሚተላለፈው በአፍንጫ ለአፍንጫ ንክኪ፣ ፈረስ ሲያስልና ፉር ሲል በሚረጨው ጠብታ፣ በጨነገፈ ሽልና በእንግዴ ልጅ፣ በባልዲ፣ በልጓም፣ በብሩሽ፣ እንዲሁም በሰው እጅና ልብስ ነው። ሰውን አያሳምምም፤ ሰው ግን ይሸከመዋል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይታያል።

ደረጃ 1፦ በሽታ ሳይኖር መለካት ልመዱ

የጤነኛ ትልቅ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ውርንጭላ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ግን የሁሉም ፈረስ ልክ ነው፤ የእናንተ ፈረስ የራሱ ልክ አለው። ዘወትር ጠዋት 37.4 የሚያሳይ ፈረስ አንድ ቀን 38.4 ቢያሳይ በመጽሐፉ ጤነኛ ነው፤ በእኔ ደብተር ግን ሙሉ አንድ ዲግሪ ጨምሯል፤ ከሰዓት ደግሜ እለካዋለሁ። ይህን ልዩነት የሚያየው ቢያንስ የአንድ ሳምንት ቁጥር በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ዲጂታል ቴርሞሜትር ውሰዱ፤ የመስታወቱ ሊሰበር ይችላል። በኋላ ጫፉ ላይ ገመድ እሰሩ፣ በገመዱ ሌላ ጫፍ የልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥሉና መቆንጠጫውን ከጭራው ፀጉር ላይ ያዙት። ይህን የምለው ለጌጥ አይደለም፦ ፈረሱ ድንገት ሲያምጥ ቴርሞሜትሩ ጉዝጓዝ ውስጥ ይወድቃል፣ ወይም ወደ ውስጥ ይገባል። ከፈረሱ ጎን ከታፋው ተጠግታችሁ ቁሙ እንጂ ከኋላው አትቁሙ። በአንድ እጅ ጭራውን በቀስታ ወደ ጎን አድርጉ፣ ጫፉን በቫዝሊን አለስልሱ፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ያህል አስገቡና የፊንጢጣውን ግድግዳ እንዲነካ ትንሽ አዘንብሉት። ጫፉ ፋንድያ ውስጥ ከተሰካ ቁጥሩ ይሳሳታል። ድምፁን ሲሰጥ አውጡ፣ ጥረጉ፣ በአልኮል አጽዱ፣ ጻፉ። ቢቻል ለየፈረሱ የራሱ ቴርሞሜትር ይኑር፤ አንዱን ለሁሉ መጠቀም በሽታውን በእጃችን ማዞር ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ከሥራ ወይም ከፀሐይ የተመለሰ ፈረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ፤ የሞቀ ፈረስ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ፍሉኒክሲን ወይም ፌኒልቡታዞን ልትሰጡት ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ለኩ፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን አውርዶ ይሸፍነዋል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «ፈረሱ ትንሽ ደበተው፣ ማስታገሻ ሰጠሁት፣ ማታ ስለካው ጤነኛ ነው» ይላል። የለካው የመድኃኒቱን ሥራ ነው።

ደብተሩ ውስጥ አራት ነገር ይግባ፦ ቀንና ሰዓት፣ የፈረሱ ስም፣ ቁጥሩ፣ የለካው ሰው። የለካው ሰው ስም ለምን? «ለካሁ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር ግን ያልተለካ ቁጥር በየትም አለና። አንድ ጠባቂ ለሁሉም ፈረስ ሦስት ቀን ሙሉ 37.8 ጽፎ አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ትኩሳት የታየ ዕለት

ከ38.5 በላይ የሆነ ፈረስ አገኛችሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ደግሞም ከፍ ካለ የምርመራ ውጤት ሳትጠብቁ ሄርፒስ ነው ብላችሁ ተነሱ። ሆኖ ካልተገኘ የጠፋው የጥቂት ቀን ድካም ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራው ይህ ነው፦

በሩ ይዘጋ። ምንም ፈረስ አይውጣ፣ አይግባ። ለነገ የታሰበ ውድድር፣ ጉዞ፣ ኮቴ ጠራቢ፣ ገዢ ሁሉ ይቅር። በጣም ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ሰው ተዘጋጅቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ «ፈረሴ ደህና ነው፣ ልውሰደው» ይላል። ደህና የሚመስለው ፈረስ ነው በሽታውን ወደ ሌላ አገር የሚወስደው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ በተደረገ የፈረስ ውድድር ላይ የተነሳው ኢኤችቪ-1 ፈረሶቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ በበርካታ ግዛቶች ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ደግሞ በስፔን ቫሌንሲያ የዝላይ ውድድር ላይ ተነስቶ ፈረሶችን ገደለ፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በዋናው አውሮፓ ብዙ አገሮች ውድድሮችን ለሳምንታት አገደ። በሁለቱም ቦታ ነገሩን ያሰፋው የተጨናነቀ ማደሪያና መጓጓዣ ነው።

ትኩሳት ያለበት ፈረስ ከሌሎቹ ይለይ። የተለየ ቤት ካለ መልካም፤ ከሌለ ከሌሎቹ ቢያንስ 10 ሜትር ያህል ራቅ ያለ፣ ሰው የማይመላለስበት ጫፍ ላይ ያለ ጋጣ ይሁን። በረጅሙ መተላለፊያ መሐል አሳልፋችሁ አትውሰዱት፤ በውጭ በኩል ዙሩ። አጎራባቾቹን ግን ከቦታቸው አታንቀሳቅሱ። እነሱ ቫይረሱን ቀድመው ወስደው ሊሆን ይችላል፤ ወደ ንጹሕ ቦታ ማዛወር እሳት ማከፋፈል ነው።

ለሐኪሙ ደውሉ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የኢኤችቪ-1 ሕመምን በዝርዝሩ አስገብቶታል፤ በበርካታ አገሮችም በተለይ የነርቭ ዓይነቱ ለመንግሥት የሚነገር በሽታ ነው። የማሳወቁ ግዴታ በእናንተ ዘንድ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሐኪሙን ጠይቁት።

ደረጃ 3፦ ናሙናው

ሐኪሙ ሁለት ነገር ይወስዳል፤ አንዱ ብቻ ከተወሰደ ጠይቁ። የመጀመሪያው ከአፍንጫ ውስጥ በጥጥ በትር የሚወሰድ ነው። ሁለተኛው እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለበት ብልቃጥ የሚቀዳ ደም ነው። ምክንያቱም ቫይረሱ አፍንጫ ውስጥ የሚገኝበትና ደም ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይመጣም፤ ሁለቱም በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ የላብራቶሪ ምርመራ) ሲመረመሩ የማምለጥ ዕድሉ ይጠባል። ናሙናው ቀዝቀዝ ብሎ ይጓዝ እንጂ በረዶ አይሁን፤ ደሙ በረዶ ከሆነ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ።

ትኩሳቱ በጀመረ ዕለት የተወሰደ ናሙና ከሳምንት በኋላ ከተወሰደው ይሻላል። አንድ ጊዜ «የለም» ብሎ የመጣ ውጤት ፈረሱ ትኩሳት እያለበት በሩን አያስከፍትም፤ ይደገም። ላብራቶሪው ስለ ቫይረሱ ዝርያ ተጨማሪ ነገር ሊነግራችሁ ይችላል፦ በቫይረሱ ውስጥ ያለች አንዲት የዘረመል ለውጥ ከነርቭ ሕመም ጋር በብዛት ተያይዛ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ለውጧ የሌለበት ዝርያም ፈረስ ጥሏል፤ ስለዚህ ጥንቃቄያችሁን በዚያ ውጤት አትቀንሱ።

ለጨነገፈች ባዝራ ሽሉና እንግዴ ልጁ በሙሉ ለምርመራ ይሂዱ። ከሳንባው፣ ከጉበቱና ከጣፊያው የሚወሰደው ናሙና ብዙ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ሰውና ዕቃ መክፈል

ፈረሶቹን በሦስት ክፈሉ። የታመሙ ወይም ትኩሳት ያለባቸው አንድ፤ ከእነሱ ጋር የዋሉ ግን ገና ጤነኛ የሚመስሉ ሁለት፤ ምንም ያልነካቸው ሦስት። ለየምድቡ የራሱ ሰው ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ካልተገኘ የሥራው ቅደም ተከተል ከንጹሕ ወደ በሽተኛ ብቻ ይሁን፦ መጀመሪያ ያልተነኩት፣ ቀጥሎ የዋሉት፣ በመጨረሻ የታመሙት። በሽተኛውን አይቶ «አንዴ ብቻ» ብሎ ወደ ጤነኞቹ የሚመለስ ሰው ምድቡን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ለየምድቡ የተለየ ቀለም ስጡ። ቀይ ባልዲ፣ ቀይ መንሽ፣ ቀይ ብሩሽ የታመሙት ብቻ ነው። ቀይ ዕቃ አረንጓዴው ጋ ከታየ ማንም ሳይጠይቅ ስህተት መሆኑን ያውቃል። ቱታና ቦት ጫማ ከታመሙት በር ላይ ይለበስ፣ እዚያው ይውለቅ። ጓንት ከፈረስ ወደ ፈረስ ይቀየር፤ ጓንት ሲወልቅም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ስለ ውሃ ጎማ አንድ ቃል። ባልዲ ስትሞሉ የጎማው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ፈረሱ ንፍጡን ያፈሰሰው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ያው ጫፍ ወደሚቀጥለው ባልዲ ይገባል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ አሥራ ሁለት ጋጣዎች በአንድ ጎማ፣ በአንድ ጠዋት ይገናኛሉ። ጎማውን ከባልዲው አንድ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። በጋራ ገንዳ ማጠጣትም እስከ መጨረሻው ይቅር።

ውሻና ዶሮ በታመሙት ጋጣ አይዘዋወሩ፤ ሽልና እንግዴ ልጅ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። አህያና በቅሎም ይህ ቫይረስ ይይዛቸዋልና ከፈረሶቹ እኩል ቁጠሯቸው፣ እኩል ለኳቸው።

በዚህ ጊዜ ሁሉ መለካቱ አይቆምም። በሦስቱም ምድብ፣ ለሁሉም፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከሁለተኛው ምድብ ቁጥሩ የወጣ ፈረስ ያንኑ ሰዓት ወደ መጀመሪያው ይዛወራል። ትኩሳቱ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ መጀመሪያ ቫይረሱ አፍንጫ ላይ ሲራባ አንድ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወርዶ ቫይረሱ ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንደገና። «ወረደለት» ብሎ መለካት ያቆመ ሰው አደገኛውን ሁለተኛውን አያየውም።

ደረጃ 5፦ ጽዳት

ቫይረሱ በቅባት የተሸፈነ ስለሆነ ከፈረስ ውጭ ብርቱ አይደለም፤ ሳሙና ይሰብረዋል። ቢሆንም ጥላና ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ ለቀናት፣ ሲመቸው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

በረኪና ፋንድያ ላይ ማፍሰስ በረኪናውን ማባከን ነው፤ ቆሻሻ ኃይሉን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ጉዝጓዙን ሁሉ አውጡ። ከዚያ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ፈትጉ፣ አጥቡ፣ ይድረቅ። በመጨረሻ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡና ቢያንስ 10 ደቂቃ ተዉት። በኃይለኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ አትጠቀሙ፤ ቫይረሱን ከወለሉ አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል። የእንጨት ግድግዳ ስንጥቅ፣ ፈረሱ የሚልሰው የበር ጠርዝ፣ የታሰረበት ቀለበት ይረሳሉ። የታመሙት ጉዝጓዝ ሌሎች ፈረሶች በማይደርሱበት ቦታ ይከመር፤ በግጦሽ ላይ አይበተን።

ደረጃ 6፦ እግሩ ሲከዳው

ቫይረሱ በደም ተጉዞ የሕብለ ሰረሰርን ትንንሽ የደም ሥሮች ያቆስላል። ደም እዚያው ይረጋል፣ ነርቩ ደም ያጣል። በአንድ ማደሪያ በሽታው ሲነሳ ወደዚህ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ በብዛትም በዕድሜ የገፉት። ውርንጭላ እምብዛም አይደርስበትም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከትኩሳቱ ቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ትኩሳቱ ወርዶ ሁሉም እፎይ ባለ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ትንሽ ነገር ነው። ፈረሱን ስታዞሩት የኋላ እግሩ ሰፋ ብሎ ይዞራል፣ የኮቴው ጫፍ መሬት ይጠርጋል። ጭራውን ስታነሱት እንደ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ጤነኛ ፈረስ ይጨብጠዋል። ከኋላ እግሮቹ መሐል ሽንት ይንጠባጠባል፣ ታፋው ይርሳል፤ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው እንጂ እየሸና አይደለም። እየባሰ ከሄደ ግድግዳ ይደገፋል፣ እንደ ውሻ ይቀመጣል፣ ይወድቃል። ድንገት ይጀምርና ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ከፋው ደርሶ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አትዘንጉ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አካባቢ እግሩ የከዳው ፈረስ ሁሉ ሐኪሙ እስኪያይ ድረስ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ይቆጠር። ሄርፒሱ ሰው አያሳምምም፤ ያኛው ይገድላል። ምራቁን በባዶ እጅ አትንኩ፣ አፉ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ።

መድኃኒቱ የሐኪሙ ነው። ብግነቱን ለማብረድ ፍሉኒክሲን፣ ቫይረሱን ለመግታት ቫላሲክሎቪር፣ ደም እንዳይረጋ ደግሞ ሄፓሪን የሚያዙ አሉ። ቫላሲክሎቪር የሚረዳው ቀድሞ፣ ትኩሳቱ እንደተጀመረ፣ እግር ሳይከዳ ሲሰጥ ነው። ደብተሩ እዚህም ይመጣል፦ ለሐኪሙ «ትኩሳቱ ትናንት ማታ ጀመረ» ማለት የቻለ ሰው መድኃኒቱን በጊዜው ያገኛል።

የቀረው የእናንተ ሥራ ነው፤ እሱም ትልቁ ነው። ጉዝጓዙን ጉልበት ድረስ አድርጉት። ውሃና ድርቆሹን በደረቱ ልክ ከፍ አድርጉ፤ አንገቱን ሲያዘቀዝቅ ሚዛኑን ይስታል። ፊኛው ካልፈሰሰ ሐኪሙ በቱቦ ያወጣዋል። ፋንድያ ካላለፈው በእጅ መወጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደጣለ ቁጠሩ። ታፋውን የሽንት እርጥበት እንዳያቆስለው እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ። የወደቀውን በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ ወደ ሌላው ጎኑ አገላብጡ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ዓይኑ እንዳይፈገፈግ ተመልከቱ። ይህን ብቻችሁን አትሞክሩ። የሚንገዳገድ ፈረስ ወዴት እንደሚወድቅ እሱ ራሱ አያውቅም፤ በእሱና በግድግዳው መሐል አትግቡ።

ቆሞ የቀረ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ማገገሙ ግን ሳምንታትና ወራት ሊወስድ ይችላል። ወድቆ መነሳት ያቃተው ፈረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ቀናት ካለፉና በማንጠልጠያም መቆም ካልቻለ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ ስቃዩን ስለማሳጠር መነጋገር ጭካኔ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ርጉዝ ባዝራዎች

የባዝራ እርግዝና አሥራ አንድ ወር ያህል ነው፤ ሄርፒስ የሚያስጨነግፈው በአብዛኛው በመጨረሻው ሦስተኛ ላይ ነው። መጨንገፉ ቫይረሱ ከገባ ከሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ዛሬ ያየሁት ሽል የዛሬ በሽታ አይደለም። ለዚህ ነው ርጉዞችን አስቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው፦ ርጉዞች ከወጣት ፈረሶች፣ ከውድድር ከተመለሱና ከእንግዶች ጋር አይዋሉ። በትንንሽ ቡድን ይያዙ፤ ሃያ ባዝራ በአንድ ሜዳ ካለ አንዷ ስትጨነግፍ ሃያዎቹም መጥተው ያሸቱታል።

አንዷ ከጨነገፈች ባዝራዋ ካለችበት አትንቀሳቀስ። ሽሉና እንግዴ ልጁ በጓንት ተነስተው በማያፈስ ድርብ ፕላስቲክ ይታሰሩ። የረጠበው ጉዝጓዝ በሙሉ ይነሳ፣ ቦታው በደረጃ 5 መሠረት ይጽዳ። አብረዋት የዋሉት ባዝራዎች እስኪወልዱ ድረስ ከቡድናቸው አይውጡ። በሕይወት ተወልዶ የሚደክም፣ መጥባት ያቃተው፣ ትንፋሹ የሚፈጥን ውርንጭላም በዚያው ቫይረስ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ራሱም በሽታውን ስለሚረጭ እሱን የያዘ ሰው ሌላ አዲስ ውርንጭላ አይንካ።

ደረጃ 8፦ በሩ መቼ ይከፈታል?

ከመጨረሻው አዲስ ትኩሳት ወይም ምልክት ጀምሮ 21 ቀን ይቆጠራል። በ19ኛው ቀን አንድ ፈረስ 38.9 ካሳየ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ቀኑን ሐኪሙ በምርመራ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ባለቤት ግን በራሱ ግምት አያሳጥረውም። ወደፊትም እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ወይም ከውድድር የተመለሰ ፈረስ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይዋል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይለካ።

ስለ ክትባት

ክትባት ፈረሱ ቫይረስ መርጨቱን ይቀንሳል፣ በመንጋው ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ያወርዳል። የነርቭ ሕመሙን ይከላከላል ተብሎ ግን አይታመንበትም፤ የተከተበ ፈረስም እግሩ ይከዳዋል። ስለዚህ ተከተበ ብላችሁ መለካት አትተዉ። የተለመደው አሰጣጥ ለርጉዝ ባዝራ በ5ኛው፣ በ7ኛውና በ9ኛው ወር የሞተ ቫይረስ ያለበት ክትባት ነው፤ ለወጣቶችና ለተወዳዳሪዎች ደግሞ ከመነሻው ዙር በኋላ በየስድስት ወሩ። በሽታው ከገባ በኋላ ትኩሳት ያለበትንና አብሮት የዋለውን ፈረስ ለመከተብ አትቸኩሉ፤ ያን ጊዜ ውሳኔው የሐኪሙ ይሁን።

ሄርፒስ ያስጨነገፋት ባዝራ ብዙውን ጊዜ መካን አትሆንም። መግቢያው ላይ ያነሳኋት ባዝራ በዚያው ወቅት ተጠቃች፤ በሚቀጥለው ዓመትም አንድ ሌሊት ሙሉ ጓንት አድርጌ ስጠብቃት አደርኩና ንጋት ላይ ወለደች። ውርንጭላዋ ተነስታ ከጠባች በኋላ ለካኋት፤ ደብተሩ ላይ ከስሟ ቀድሞ የገባው ቁጥሯ ነው፦ 38.6።